የኢማሙ ልጅ እና የኳስ ሜዳው

(በሬድዮ ፕሮግራም የቀረበ ንግግር)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ በብዙ ቤቶች ጭቅጭቅ የሚያስነሳ ነው። ልጅ "ኳስ ተጫዋች እሆናለሁ" ይላል። አባት "ትምህርትህስ? ሰላትህስ?" ብሎ ይቆጣል። እናት መሐል ገብታ ትጨነቃለች። በአንዱ ቤት ኳሷ በቢላዋ ትቀደዳለች። በሌላው ቤት ልጁ ይጠፋል። በሦስተኛው ቤት ደግሞ ወላጅ "እንዳሻው ይሁን" ብሎ እጁን ያነሳል። ሦስቱም መፍትሄ አይደሉም።

በመጀመሪያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ጨዋታ በመሠረቱ የተከለከለ ነገር አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ጋር በሩጫ መሽቀዳደማቸው፣ በዒድ ቀንም ሐበሾች በመስጂዳቸው ውስጥ በጦር ሲጫወቱ እርሷ እንድትመለከት መፍቀዳቸው በሐዲስ ኪታቦች የታወቀ ነው። ጥያቄው ጨዋታው ከሰላት፣ ከትምህርትና ከወላጅ ሐቅ ጋር እንዴት ይስማማ የሚለው ነው። ይህንን ለመመልከት የአንድ ሴኔጋላዊ ወጣት ታሪክ ይጠቅመናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከባምባሊ መንደር

የመስመር ተጫዋቹ ሳዲዮ ማኔ በሚያዝያ 1992 ተወለደ። መንደሩ ባምባሊ ትባላለች። በደቡብ ሴኔጋል፣ ከጋምቢያ ባሻገር በሚገኘው የካዛማንስ አካባቢ የምትገኝ የገበሬዎች መንደር ናት። አባቱ የመንደሩ መስጂድ ኢማም ነበሩ። በዚያ ቤት ዲንና እርሻ እንጂ ኳስ ቦታ አልነበረውም።

ሳዲዮ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ አባቱ ታመው ወደ አኺራ ሄዱ። በመንደሩ ሆስፒታል አልነበረም። የቲሙን ልጅ ዘመዶቹ ተቀብለው አሳደጉት፤ በተለይ የአጎቱን ውለታ ደጋግሞ ያነሳል። በ2002 ሴኔጋል በዓለም ዋንጫ ፈረንሳይን 1 ለ 0 አሸንፋ እስከ ሩብ ፍጻሜ ስትደርስ ልጁ አሥር ዓመቱ ነበር። ከዚያ በኋላ ሐሳቡ ሁሉ ኳስ ሆነ። ቤተሰቡ ግን እንዲማር እንጂ እንዲጫወት አልፈለገም።

ሽሽቱና ስምምነቱ

በአሥራ አምስት ዓመቱ ገደማ ሳዲዮ ከቤት ጠፋ። ራሱ እንደተረከው ማታ ቦርሳውን በቤቱ ደጃፍ ባለው ረጅም ሣር ውስጥ ደበቀ። ሲነጋ ጥርሱን ብቻ ፍቆ ወጣ። ምስጢሩን የሚያውቀው አንድ የቅርብ ጓደኛው ብቻ ነበር። የመሳፈሪያ ገንዘብም ተበድሮ ወደ ዳካር ሄደ።

አድማጮቻችን! እስቲ በዚያን ቀን የእናቱን ሁኔታ አስቡት። ባሏን ቀብራ ልጇን ያሳደገች እናት ማለዳ ተነስታ አልጋው ባዶ ሆኖ ስታገኘው ምን ይሰማታል? መጨረሻው ስላማረ ብቻ ሽሽቱን ልናወድሰው አይገባም። በምዕራብ አፍሪካ "ወደ አውሮፓ ክለብ እንወስዳችኋለን" በሚሉ ሐሰተኛ ወኪሎች ተታለው፣ የቤተሰብ ገንዘብ አስበልተው፣ በሰው አገር ጎዳና ላይ የተጣሉ ልጆች ብዙ ናቸው። የእነርሱን ስም ማንም አያውቀውም።

ቤተሰቡ ጓደኛውን አጥብቆ ጠየቀው፤ ልጁም ተናገረ። ሳዲዮ ተገኘና እንዲመለስ ተነገረው። እርሱም አንድ ነገር ጠየቀ፤ "አንድ ዓመት ልማር፤ ከዚያ በኋላ ግን ልቀቁኝ" አለ። ቤተሰቡ ተስማማ። ልጁም ተመልሶ የትምህርት ዓመቱን ጨረሰ። ዓመቱ ሲያልቅ ዘመዶቹም ቃላቸውን ጠበቁ። አጎቱ የእርሻቸውን ምርት እየሸጡ ለጉዞው እንደረዱት ሳዲዮ ተናግሯል።

የታሪኩ ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ማልቀስና መሸሽ ያልፈታውን ነገር ሹራና ቃል ኪዳን ፈታው። ቤተሰቡ ልጁን በኃይል ቢያስረው ኖሮ ዳግም በጠፋ ነበር። ዝም ብሎ ቢለቀው ደግሞ ትምህርቱንም ዱዓቸውንም ሳይዝ ይሄድ ነበር።

የተቀደደው ጫማና የተደበቀው ሕመም

በዳካር ጄኔራሲዮን ፉት በሚባል የታዳጊዎች ማሠልጠኛ ለሙከራ ሲሰለፍ፣ አንድ አዛውንት የተቀደደ ጫማውንና ለጨዋታ የማይሆን ቁምጣውን አይተው ተገረሙ። እርሱም ካለው ሁሉ የተሻለውን ለብሶ እንደመጣ ነገራቸው። ሜዳ ሲገባ ግን ጫማው ተረሳ፤ ተቀበሉት።

ማሠልጠኛው ከፈረንሳዩ ክለብ ሜትዝ ጋር የሥራ ትስስር ነበረው። ሳዲዮ በ19 ዓመቱ ወደዚያ አቀና። አሁንም ለእናቱ አልነገራትም። ፈረንሳይ ከደረሰ በኋላ ሲደውልላት አላመነችውም፤ በቴሌቪዥን እስክታየው ድረስ እየደጋገመች ትጠይቀው ነበር።

ሌላም የደበቀው ነገር ነበር። ሲሄድ ጉዳት ነበረበት። "ከነገርኳቸው ይመልሱኛል" ብሎ ፈርቶ ሕመሙን ዋጠው። በማያውቀው ብርድ እየታመመ ልምምድ ሠራ። የሚጠበቅበትን ሊያሳይ አልቻለም። የመስመር ተጫዋች ሥራው ፍጥነት ነው፤ ተከላካዩን አልፎ መሮጥ፣ ኳስ ሲነጠቅም ያንኑ ርቀት ተመልሶ መርዳት አለበት። የታመመ ሰው ይህንን ከየት ያመጣል? ጉዳቱ ሲታወቅ ግን ሕክምና አገኘ። ለዋናው ቡድን የመጀመሪያ ጨዋታውን በጥር 2012 ከባስቲያ ጋር አደረገ። በዚያው የውድድር ዓመት ማብቂያ ሜትዝ ወደ ሦስተኛ ዲቪዚዮን ወረደ።

ወጣቶች ሆይ! ሕመምን፣ ችግርንና ሐሳብን ከሚረዳችሁ ሰው መደበቅ ጀግንነት አይደለም። ሶብር ማለት ሰበቡን እያደረሱ መታገስ እንጂ ዝም ብሎ መሰቃየት አይደለም።

ከዝቅታው ወደ ከፍታው

ክለቡ ሲወርድ የሳዲዮ ነገር ያበቃ የመሰለው ሰው ነበር። አላህ (ሱ.ወ) ግን ሌላ በር ከፈተ። በ2012 ክረምት የኦስትሪያው ሳልዝበርግ በ4 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ወሰደው። በዚያ በ87 ጨዋታዎች 45 ጎሎች አገባ። በ2014 የሊግና የጥሎ ማለፍ ዋንጫዎችን ከቡድኑ ጋር አነሳ። በመስከረም 2014 ወደ እንግሊዙ ሳውዝሃምፕተን ተዛወረ። ግንቦት 16 ቀን 2015 አስቶንቪላ ላይ በ2 ደቂቃ ከ56 ሰከንድ ውስጥ ሦስት ጎሎች አስቆጠረ። ሮቢ ፋውለር በ1994 ያስመዘገበው የፕሪሚየር ሊግ ፈጣን ሐትሪክ 4 ደቂቃ ከ33 ሰከንድ የወሰደ ነበር። በ2016 ሊቨርፑል በ34 ሚሊዮን ፓውንድ ገዛው።

ይህ ሁሉ ሲሆን ጉድለት አልነበረበትም ማለት አይደለም። ከሳልዝበርግ ለመልቀቅ በፈለገበት ጊዜ ቡድኑ ለቻምፒየንስ ሊግ ለማለፍ ወሳኝ ጨዋታ ሲጠብቀው ከልምምድ ቀርቶ ነበር። በሳውዝሃምፕተንም ስብሰባ ላይ ዘግይቶ በመድረሱ አሠልጣኙ ከመጀመሪያ ተሰላፊዎች አስወጥተውታል። ውል አማና ነው፤ ሰዓትም አማና ነው። በቀን አምስት ጊዜ ወቅት ጠብቆ መስገድ የተማረ ሙስሊም ደግሞ ለዚህ ከማንም ይበልጥ የቀረበ መሆን አለበት።

ሪዝቁ ሲመጣ

አባቱ ሐኪም ቤት በሌለበት መንደር የሞቱበት ያ ልጅ በባምባሊ ትምህርት ቤት አሠራ፤ በ2021 ደግሞ ሆስፒታሉ ተመረቀ። በ2018 በሊቨርፑል ከተማ አንድ መስጂድ ውስጥ የዉዱእ ማድረጊያውን ቦታ ሲያጸዳ የሚያሳይ ምስል ብዙዎች ተመልክተዋል። ዝና የአባቱን መስጂድ አላስረሳውም። ኢማሙ የዘሩት ተርቢያ እርሳቸው ካለፉ በኋላም አፈራ።

ለወላጆችና ለወጣቶች

ውድ ወላጆች! ልጃችሁ ኳስ ሲወድ ከመቆጣታችሁ በፊት ቁጭ ብላችሁ አነጋግሩት። ቃል አስገቡት፤ ሰላቱን በወቅቱ፣ ትምህርቱን በአግባቡ፣ ከዚያ ሜዳውን። እናንተም የገባችሁትን ቃል ጠብቁ። ወላጅ ቃሉን ሲያፈርስ ልጅ መዋሸትን ይማራል። አሠልጣኙን ሄዳችሁ ተዋወቁ፤ ልጁ ሲጫወትም ተመልከቱት። "ወደ ውጭ እወስደዋለሁ" ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ቢመጣ ተጠንቀቁ። የዓለም እግር ኳስ ፌዴሬሽን ፊፋ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር ከ18 ዓመት በታች ያሉ ተጫዋቾችን ከአገር አገር ማዛወር እንደሚከለክልም እወቁ።

ወጣቶች! ወደዚህ ደረጃ የሚደርሰው ከብዙዎች አንዱ ነው። ስለዚህ ትምህርቱን አትጣሉት፤ ሜዳው ባይሳካ የምትቆሙበት መሬት እርሱ ነው። ሕልማችሁን ለወላጆቻችሁ በግልጽ ንገሯቸው። እምቢ ቢሏችሁ ሽማግሌ ላኩ፤ አጎትን፣ አክስትን፣ የመስጂዳችሁን ኢማም አማክሩ። የእናት ዱዓ ከኋላው ያለ ልጅ እና ቦርሳውን በሣር ውስጥ ደብቆ የሚወጣ ልጅ መንገዳቸው አንድ አይደለም።

አላህ (ሱ.ወ) ልጆቻችንን ለዲናቸውም ለወገናቸውም የሚጠቅሙ ያድርግልን፤ ለወላጆችም የማድመጥን ጥበብ ይስጠን። አሚን።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።