ሥራውን አቋርጦ ስለሚመለስ ኮድና ስለ ጠባቂዎቹ

(በትምህርት ቤቱ የምሥረታ በዓል ላይ አንድ የቀድሞ ተማሪ ያደረገው ንግግር)



 የበዓሉ ኮሚቴ ስለ ኮምፒዩተር አንድ ነገር እንድናገር በጠየቀኝ ጊዜ ስለ አዲስ ፍልስፍና እንደምናገር ሳይጠብቅ አልቀረም። እኔ ግን ስለ አሮጌ ነገር፤ ይኸውም ሌሎች ሰዎች ጽፈው የተዉትን ኮድ ጠብቆ ስለ ማቆየት ልናገር መርጫለሁ። እንጀራዬም ከዚሁ ሥራ ስለ ሆነ ከማላውቀው ይልቅ የማውቀውን ብናገር ይሻላል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንድ ሰው በቴሌፎኑ ድረ ገጽ ሲከፍት በአድራሻው መነሻ ላይ ኤችቲቲፒኤስ የሚሉ ፊደሎች አሉ። የመጨረሻዋ ኤስ የምትነግረን በመንገድ ላይ ያለ ሌላ ሰው እንዳያነበውና እንዳይለውጠው መልእክቱ በምስጢራዊ ጽሕፈት የተዘጋ መሆኑን ነው። ይህን የመዝጋትና የመክፈት ሥራ እያንዳንዱ ፕሮግራም ጸሐፊ ለራሱ ቢጽፈው ኖሮ ስሕተቱ ተቈጥሮ ባላለቀ ነበር። ስለዚህ አንድ ጊዜ ተጽፎ ብዙዎች የሚገለገሉበት ላይብረሪ አለ። ላይብረሪ ሲባል መጻሕፍት የሚደረደሩበት ቤት ብቻ የሚመስለው ተማሪ ይኖር ይሆናል፤ በእኛ ሥራ ግን ሌሎች ፕሮግራሞች እየጠሩ የሚያዝዙት የተዘጋጀ የኮድ ስብስብ ማለት ነው። ከእነዚህም መካከል በሰፊው የሚሠራበት ኦፕንኤስኤስኤል የሚባለው ነው። ኮዱ የተገለጠ ስለ ሆነ የፈለገ ሰው ያለ ክፍያ ወስዶ ሊያነበው፤ ሊሠራበትና ማሻሻያ ሊያቀርብበት ይችላል።

የዚህ ላይብረሪ ታሪክ የሚጀምረው ከመረካከብ ነው። በ1995 ኤሪክ ያንግና ቲም ሃድሰን የተባሉ ሁለት አውስትራሊያውያን ኤስኤስኤልኢይ የሚባል ኮድ ማሰራጨት ጀመሩ፤ የመጨረሻዎቹ ሦስት ፊደሎች የያንግ ስም መነሻዎች ናቸው። በ1998 መጨረሻ ሁለቱ ወደ ሌላ ሥራ ሲሄዱ ሌሎች ፈቃደኞች ኮዱን አንሥተው ኦፕንኤስኤስኤል ብለው ሰየሙት። ከዚያ ወዲህ ብዙ እጅ አልፎበታል። ዛሬ ከሚጠብቁት መካከል ብዙዎቹ የመጀመሪያው መሥመር ሲጻፍ በዚያ አልነበሩም።

የመጠበቁ ነገር ችላ ሲባል ምን እንደሚሆን ዓለም ያየው በ2014 ነው። በ2011 የመጨረሻ ቀን፤ በዲሴምበር 31፤ አንድ አዲስ ክፍል ወደ ኮዱ ገባ። ክፍሉ ሁለት ኮምፒዩተሮች አልፎ አልፎ «አለህን?» «አለሁ» እንዲባባሉ የሚያደርግ ቀላል ነገር ነበር። ጠያቂው አንድ ቃል ይልካል፤ የቃሉንም ርዝመት ይናገራል፤ መላሹ ያንኑ ቃል ይመልሳል። ነገር ግን የተነገረው ርዝመትና የመጣው ቃል ትክክል መሆናቸውን የሚመረምር መሥመር ተዘነጋ። ስለዚህ አንድ ተንኰለኛ ጥቂት ፊደል ልኮ «ርዝመቱ 64 ሺሕ ነው» ቢል፤ ሰርቨሩ የጐደለውን ከራሱ ማኅደረ ትውስታ እየጨለፈ ይሞላለት ነበር። በዚያ ማኅደር ውስጥ የሰዎች የይለፍ ቃልና የሰርቨሩ የምስጢር ቁልፍ ሳይቀር ሊገኝ ይችላል። ይህ ስሕተት በማርች 2012 ከወጣው እትም ጀምሮ እስከ ኤፕሪል 2014 ድረስ ሳይታወቅ ቈየ። ሃርትብሊድ የሚል ስም ወጣለት፤ «የሚደማ ልብ» እንደ ማለት ነው።

ያን ጊዜ የተገለጠው ሌላ ነገር ግን ከስሕተቱ ይልቅ የሚያሳዝን ነበር። ከዓለም ሰርቨሮች እጅግ ብዙው የሚታመንበትን ይህን ኮድ ሙሉ ጊዜውን ሰጥቶ የሚጠብቀው ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ በስጦታ የሚሰበሰበውም ገንዘብ በዓመት 2000 ዶላር ያህል ነበር። ኮዱ ለሁሉ የተገለጠ ነውና ሁሉም ሌላው ያየዋል ብሎ ተኝቷል። ከዚህ በኋላ ሊኑክስ ፋውንዴሽን ባቋቋመው ማኅበር በኩል ታላላቅ ኩባንያዎች ገንዘብ አዋጡ፤ በቋሚነት የሚሠሩ ሰዎችም ተጨመሩ። በእኔ አስተያየት ይህ መልካም ቢሆንም የዘገየ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ እገባለሁ። በኦገስት 2016 የወጣው 1.1.0 የተባለው እትም አንድ አዲስ ችሎታ ይዞ መጣ። በእንግሊዝኛ አሲንክሮነስ ይሉታል፤ እኔ «ሥራውን አቋርጦ የሚመለስ» እለዋለሁ።

በሁለት ምጣድ የምትጋግር እናት አስቡ። በአንደኛው ምጣድ ላይ ሊጡን አዙራ አፍስሳ፤ ዓይኑ ሲወጣ አክንባሎውን ከደነችበት በኋላ እንጀራው እስኪበስል ድረስ ቆማ አትመለከተውም። ወደ ሁለተኛው ምጣድ ዞራ ታስሰዋለች፤ ታፈስሳለች፤ ከዚያም ተመልሳ የመጀመሪያውን ታወጣለች። ጋጋሪዋ አንድ ናት፤ እሳቱ ግን ሁለት ነው። የሰርቨርም ነገር እንዲሁ ነው። ከደንበኛ ጋር ግንኙነት ሲጀምር በምስጢር ቁልፉ መፈረም አለበት፤ ይህም ከባድ ስሌት ነው። እንደ ኢንቴል ኩዊክአሲስት ያለ ለዚሁ የተሠራ ልዩ መሣሪያ ሲኖር ስሌቱ ወደዚያ ይላካል። ታዲያ መልሱ እስኪመጣ ዋናው ፕሮግራም እጁን አጣጥፎ ቢቆም መሣሪያውን መግዛቱ ምን ጥቅም አለው? አዲሱ ኮድ የጀመረውን ሥራ በመካከል አቁሞ፤ ለጠራው ፕሮግራም «ገና ነው፤ ቈይተህ ተመለስ» ይለዋል። ፕሮግራሙም ሌላ ደንበኛ ያስተናግዳል።

ጠባቂዎቹ እዚህ ላይ ያደረጉት ጥንቃቄ ሳይመሰገን ማለፍ የለበትም። ከዚያ በፊት የተጻፉት ፕሮግራሞች «ገና ነው» የሚለውን መልስ ሰምተው አያውቁም፤ ቢነገራቸው እንደ ስሕተት ቈጥረው ግንኙነቱን ባቋረጡት ነበር። ስለዚህ አዲሱ ችሎታ የሚሠራው ፕሮግራሙ ራሱ ፈልጎ ሲያበራው ብቻ እንዲሆን ተደረገ። ያልጠየቀ ሰው አይነካውም።

ሥራን በመካከል ማቆም ግን ቀላል አይደለም። ኮምፒዩተር አንዱን ትእዛዝ ትቶ ወደ ሌላው ሲሄድ የሚመለስበትን ቦታ በማስታወሻ ላይ ይጽፋል፤ ከዚያም ወደ ሌላ ሲሄድ ሌላ ማስታወሻ በላዩ ይጨምራል። ይህን ክምር ስታክ ይሉታል፤ ቁልል ማለት ነው። ሥራውን በመካከል የሚያቆም ሰው ቁልሉን እንዳለ ወደ ጎን አድርጎ በሌላ ቁልል መሥራት አለበት፤ ሲመለስም አንድ ወረቀት ሳይዛነፍ ሊያገኘው ይገባል። ለዚህ በዩኒክስ ዘመዶች ላይ ኦፕንኤስኤስኤል ለእያንዳንዱ ሥራ የ32,768 ባይት ቁልል ይሰጠዋል።

የእኔንም ውድቀት እዚህ ላይ ልናዘዝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በምሠራበት ቦታ ይህንን ችሎታ የሚጠቀም ፕሮግራም ጻፍኩ። ፕሮግራሜ የደንበኞችን መዝገብ ሁለት ሥራዎች በአንድ ጊዜ እንዳይነኩት መቆለፊያ አድርጎ ይይዘው ነበር። መቆለፊያውን ሳልፈታ ፊርማ እንዲፈረም ላይብረሪውን ጠራሁ። ላይብረሪውም እንደ ልማዱ ሥራውን አቁሞ ወደ ሌላ ደንበኛ ላከኝ። ሁለተኛው ደንበኛም ያንኑ መዝገብ ፈለገ፤ መዝገቡ ግን ተቈልፏል። ቤቱን ቈልፎ ቁልፉን ውስጥ ትቶ የወጣ ሰው በር ላይ ቆሞ «ክፈቱልኝ» እንደሚል ማለት ነው፤ የሚከፍተው ሰው እርሱ ራሱ ነውና ማንም አይከፍትለትም። ፕሮግራሙ ሳይወድቅ፤ አንድ ስሕተት ሳያመለክት፤ ዝም ብሎ ቆመ። ስፈትነው በአንድ ደንበኛ ብቻ ስለ ነበር ምንም አልታየኝም። ሰዎች ሲበዙ ግን በሌሊት ቆሞ ተገኘ፤ ምክንያቱን ለማግኘትም ሁለት ሌሊት ዐይኔን አልከደንኩም።

የሚያሳፍረው ነገር ደግሞ ይህ አደጋ በላይብረሪው መመሪያ ላይ ተጽፎ መገኘቱ ነው። ሥራው መቆለፊያ በያዘበት ጊዜ እንዳይቋረጥ የሚያግድ ትእዛዝም ተዘጋጅቶ ነበር። ጽፈውልኛል፤ እኔ አላነበብኩም። ተማሪዎች እየሳቃችሁ እንደ ሆነ አያለሁ፤ ፈተና ሳላነብ የገባሁበትን ዘመን የሚያስታውሱ መምህርም ከፊት ተቀምጠዋል።

ከዚያ ወዲህ ያንን ክፍል ከመሥመር መሥመር አነበብኩት፤ የጠባቂነትም ትርጉም የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ሦስት ፋይሎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አንዱ ለዩኒክስ ዘመዶች፤ አንዱ ለዊንዶውስ፤ ሦስተኛው ቁልል መለዋወጥ ለማይቻልባቸው ሲስተሞች ነው። ይህ ሦስተኛው «አልችልም» ከማለት በቀር ብዙ ሥራ የለውም፤ እኔ ግን ከሁሉ እርሱን እወደዋለሁ፤ ሳይችል እችላለሁ የሚል ኮድ ስንቱን አበላሽቷል!

የመጀመሪያው ፋይል ታሪክ ያስገርማል። ቁልሉን የሚለዋውጡት ፈንክሽኖች ፖዚክስ በሚባለው የጋራ ደንብ ውስጥ በ2001 እትም ነበሩ፤ በ2008ቱ እትም ግን ተሰረዙ። እንግዲህ ኦፕንኤስኤስኤል በ2016 የተደገፈው ከስምንት ዓመት በፊት ከደንቡ በወጣ ምሰሶ ላይ ነው። ሌላ የሚሻል ምሰሶ ስላልነበረ አልፈርድባቸውም። ይልቁንም ኮዱ በሚዘጋጅበት ጊዜ የደንቡን ዓመት ይጠይቃል፤ ደንቡ የ2001 ሆኖ ከ2008 በፊት ከሆነ ይሠራል፤ ከዚያ በኋላ ከሆነ ግን እንደ ግሊብሲ ያለ፤ ፈንክሽኖቹን ጠብቆ ያቆየ መሠረታዊ ላይብረሪ መኖሩን ይመረምራል። አልፓይን በሚባለው ሊኑክስ የሚሠራበት ሙስል ግን እነዚህን አልያዘም።

ከሁሉ የበለጠው እነሆ። ከቁልል ወደ ቁልል በሙሉ ሥርዓት መዛወር ጊዜ ስለሚወስድ፤ ጸሐፊዎቹ ከመጀመሪያው ዝውውር በኋላ በአቋራጭ የሚያሳልፍ ሌላ ፈንክሽን ተጠቀሙ። አቋራጩ ፈጣን ነበር፤ ትክክልም ነበር። በኋላ ኢንቴል የፕሮግራምን መንገድ የሚጠመዝዙ ሌቦችን ለመከላከል በፕሮሰሰሮቹ ውስጥ የጥላ ቁልል የሚባል አዲስ ነገር አገባ። ፕሮሰሰሩ የመመለሻ ቦታዎችን በሁለተኛ ክምር ላይ በምስጢር ይገለብጣል፤ ሲመለስ ሁለቱን ያስተያያል፤ ካልተስማሙ ፕሮግራሙን ያስቆማል። አቋራጩ ግን የሚለውጠው አንደኛውን ክምር ብቻ ነው፤ ስለ ጥላው አያውቅም። ስለዚህ በአዲሱ ጥበቃ ሥር ታማኙ ኮድ እንደ ሌባ ሊያዝ ሆነ። ልብ በሉ፤ በኮዱ ውስጥ አንዲት ፊደል አልተለወጠችም። መሬቱ ከሥሩ ተንቀሳቀሰ። ያውም መሬቱን ያንቀሳቀሰው ያ ችሎታ እንዲያገለግለው የተጻፈለት የኩዊክአሲስት ባለቤት ራሱ ኢንቴል ነው!

ጠባቂዎቹ ምን አደረጉ? አቋራጩን ለሁሉ አልሰረዙትም። ጥበቃው በበራበት ቦታ ብቻ ረጅሙ መንገድ እንዲወሰድ አደረጉ። አሮጌ አይታኒየም ፕሮሰሰር ላለውም በሌላ ምክንያት ያንኑ ረጅም መንገድ ፈቀዱለት። ከዚህም ጋር ለምን እንዳደረጉት በጥቂት መሥመር ጽፈው በቦታው ላይ ተዉት። ማስታወሻው ባይኖር ኖሮ ከዓመታት በኋላ የሚመጣ አንድ ትጉህ ወጣት «ይህ ረጅም መንገድ ለምን አስፈለገ?» ብሎ አቋራጩን በመለሰው ነበር፤ ለትጋቱም ይመሰገን ነበር፤ የሰዎች ሰርቨር መቆም እስኪጀምር ድረስ።

ወላጆች ልጆቻቸው አዲስ ነገር ሲፈለስፉ ማየት ይወዳሉ፤ እኔም ሦስት ልጆች ስላሉኝ ስሜቱን አውቀዋለሁ። ነገር ግን ልጃችሁ አንድ ቀን «ዛሬ ሌላ ሰው የጻፈውን ሃያ መሥመር አንብቤ አንዱን አስተካከልኩ» ብሎ ቢነግራችሁ «ይኸው ብቻ ነው?» አትበሉት።

ኮምፒዩተር ክፍሉ ዛሬ ከቀትር በኋላ እስከ 11 ሰዓት ክፍት እንዲሆን ዲሬክተሩ ፈቅደዋል። የነገርኳችሁን ሦስት ፋይሎች አምጥቻለሁ። የመጀመሪያው የተጻፈው በሲ ስለ ሆነ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ትከተሉታላችሁ፤ ሌሎቻችሁም ማስታወሻዎቹን ታነባላችሁ። ያንን የጥላ ቁልል ማስታወሻ ቀድሞ ላገኘው ተማሪ እኔ ሻይ እጋብዛለሁ።