የብዙ ወረፋዎች ሒሳብ፦ ከዘፈቀደ ወደ ዲፈረንሻል እኩልታ



የወረፋ ሒሳብ የተወለደው ከስልክ ነው። ዴንማርካዊው አግነር ኤርላንግ እ.ኤ.አ. በ1909 ባሳተመው ጽሑፍ የስልክ ጥሪዎች አመጣጥ የፖይሶንን ሥርጭት እንደሚከተል አሳየ። የዛሬው ችግር ግን የወረፋዎቹ ብዛት ነው። 1000 ሰርቨሮች ያሉት የመረጃ ማዕከል እናስብ። በእያንዳንዱ ሰርቨር ላይ ከ0 እስከ 9 ሥራ ሊኖር ቢችል፣ ሥርዓቱ ሊገኝባቸው የሚችሉት ሁኔታዎች ብዛት ከ1 ቀጥሎ 1000 ዜሮ የተደረደረበት ቁጥር ነው። ይህን አንድ በአንድ የሚዘረዝር ኮምፒውተር የለም።

መውጫው ጥያቄውን መለወጥ ነው። የእያንዳንዱን ሰርቨር ሁኔታ ከመከታተል ይልቅ «ቢያንስ ሦስት ሥራ ያለባቸው ሰርቨሮች ከጠቅላላው ምን ያህል ድርሻ አላቸው?» እንላለን። አንድ ሥራ ሲመጣ ይህ ድርሻ የሚለወጠው ቢበዛ በ1000ኛ ብቻ ነው። ሰርቨሮቹ በበዙ ቁጥር ዝላዩ ያንሳል፤ የዘፈቀደው መዋዠቅ እየተቻቻለ ድርሻው ለስላሳ መስመር ይከተላል። ያ መስመር የዲፈረንሻል እኩልታ መፍትሔ ነው። ቶማስ ከርትዝ እ.ኤ.አ. በ1970 ይህን በጥብቅ ማስረጃ አጸና።

ጥቅሙን በአንድ ምሳሌ እንየው። ሥራዎች በፖይሶን ሥርጭት ይመጣሉ፤ የአገልግሎቱ ጊዜ ኤክስፖኔንሻል ነው፤ ጫናው የአቅሙ 90 በመቶ ነው። እያንዳንዱ ሥራ አንድ ሰርቨር በዘፈቀደ ቢመርጥ፣ ቢያንስ ስድስት ሥራ ያለባቸው ሰርቨሮች ድርሻ 0.9 በአርቢ 6፣ ማለትም 53 በመቶ ያህል ይሆናል። አሁን ሥራው ሁለት ሰርቨሮችን በዘፈቀደ አይቶ ወረፋው ወዳጠረው ይሂድ። አዲሱ ሥራ ሦስት ወይም ከዚያ በላይ ሥራ ወዳለበት ሰርቨር የሚገባው ሁለቱም እንዲያ ከሆኑ ብቻ ነው፤ ስለዚህ በእኩልታው ውስጥ ድርሻው በራሱ ተባዝቶ ይገባል። ለውጡን ዜሮ አድርገን ስንፈታ አርቢዎቹ 1፣ 3፣ 7፣ 15፣ 31፣ 63 እያሉ ይሄዳሉ። የስድስቱ ድርሻ 0.9 በአርቢ 63 ሆነ፤ ይህም ከ10,000 ሰርቨሮች 13 ያህሉ ነው። ቭቬደንስካያ፣ ዶብሩሺንና ካርፔሌቪች፣ ለብቻውም ሚትዘንማኸር፣ ይህን ያገኙት በ1990ዎቹ ነው። እኔን የሚደንቀኝ የትርፉ መጠን ሳይሆን ዋጋው ነው፤ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ብቻ!

ሆኖም ተማሪዎቻችን ብዙ ጊዜ የሚዘሉት አንድ እርምጃ አለ። የከርትዝ ቲዎረም የሚናገረው ስለ ውሱን ጊዜ ነው። ስለ ዘለቄታው ለመናገር እኩልታው ከየትም ቢነሣ ወደ አንድ ነጥብ እንደሚረጋ ለብቻው መረጋገጥ አለበት። በምሳሌያችን ይህ ተረጋግጧል። እኩልታው በዑደት የሚመላለስ ቢሆን ኖሮ ግን ያሰላነው ነጥብ ስለ እውነተኛው ሥርዓት ምንም ላይነግረን ይችላል። ሌላም አለ፦ የወረፋው ርዝመት መረጃ ትኩስ ነው ብለናል። መረጃው ከዘገየና ሁሉም ከሰርቨሮቹ መካከል እጅግ አጭር ነው ወደ ተባለው ከጎረፈ፣ ያ ወረፋ ዜናው ሳይታደስ ረጅሙ ይሆናል። ያን ጊዜ እኩልታው ውስጥ የመዘግየቱን ጊዜ ራሱን ማስገባት ግድ ነው።