ስለ ባሕር ውሃ ገንዳና ስለ ማጣሪያው

በዛሬው ንግግራችን የምንመለከተው በመስተዋት ገንዳ ተጠብቆ በቤት ውስጥ ስለሚኖር የባሕር ሕይወትና ለውሃው ስለሚደረግለት ማጣሪያ ነው። ገንዳው አኳሪየም ይባላል።

ድንጋያማው ኮራል በሩቅ ለሚያየው ዐለት ወይም አበባ ይመስላል፤ እርሱ ግን ራሱ በሠራው የኖራ ድንጋይ ቤት የሚኖር እንስሳ ነው። በሥጋው ውስጥ በብርሃን ኃይል ምግብ የሚያዘጋጁለት እጅግ ደቃቅ አልጌዎች አሉ። ስለዚህ ውሃው የደፈረሰ እንደ ሆነ ብርሃኑ ይቀንስበታል፤ ዝቃጩም በላዩ ሲያርፍ ያፍነዋል።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1961 ዓ.ም. ሊ ቺን ኤንግ የተባሉ የጃካርታ ነዋሪ ኮራልን በገንዳ ያኖሩበትን ዘዴ በጽሑፍ ገለጹ። የተጠቀሙበትም የባሕር ውሃ፤ ሕይወት ያለባቸው የባሕር ድንጋዮች፤ የፀሐይ ብርሃንና በውሃው ውስጥ የሚያልፍ አየር ነበር። በእንዲህ ያሉ ድንጋዮች ላይ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ከዓሣ የሚወጣውን አሞኒያ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፤ ቀጥሎም ጉዳቱ ወደሚያንሰው ወደ ናይትሬት ይለውጡታል።

ድንጋዩ ይህን ሁሉ ከሠራ ሌላ ማጣሪያ ለምን ያስፈልጋል ትሉ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ዓሣዎች በበዙበትና ምግብ በብዛት በሚሰጥበት ገንዳ የምግቡ ትርፍራፊና የዓሣዎቹ ዐይነ ምድር በድንጋዮቹ መካከል ተጠራቅሞ ይበሰብሳል። ማጣሪያው የሚጨመረው ጉድፉ ሳይበሰብስ እንዲያዝ ነው፤ ይኸውም ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው ነው።

አሠራሩም ቀላል ነው። ከገንዳው አፍ ሞልቶ የሚፈሰው ውሃ በቧንቧ ወርዶ ከሥር ወዳለው ተቀባይ ገንዳ ሲገባ በጨርቅ ከረጢት ውስጥ እንዲያልፍ ይደረጋል፤ ከዚያም ፓምፕ ወደ ላይ ይመልሰዋል። የከረጢቱ ቀዳዳ ብዙውን ጊዜ 100 ወይም 200 ማይክሮን ነው፤ 100 ማይክሮን ማለት የአንድ ሚሊሜትር ዐሥረኛ እጅ ነው። መብራት ጠፍቶ ፓምፑ ሲቆም ከላይ የሚወርደው ውሃ ቤቱን እንዳያጥለቀልቅ፤ በታችኛው ገንዳ በቂ ባዶ ቦታ መተው ያስፈልጋል።

ከሁሉ በላይ ልታስተውሉት የሚገባው ግን ማጣሪያ ጉድፍን የሚይዝ እንጂ የማያጠፋ መሆኑን ነው። በከረጢቱ ያለው ጉድፍ ከዓይን ቢሰወርም ከውሃው አልወጣም። ውሃው ሌሊትና ቀን በላዩ ያልፋል፤ የበሰበሰውንም እያጠበ ወደ ገንዳው ይመልሳል። ደብዳቤ መዝገብ ቤት ስለ ገባ ብቻ ጉዳዩ ተፈጸመ እንደማይባል እናንተ በሥራችሁ ታውቁታላችሁ። ከረጢቱ ሲደፈን ደግሞ ውሃው ከአፉ ገንፍሎ ሳይጣራ ያልፋል። ስለዚህ በየሦስት ወይም በየአራት ቀኑ ይለወጥ፤ የወጣውም ያለ ሳሙና በሚገባ ታጥቦ ይድረቅ። ለዚህ ጊዜ የሌለው ሰው ከረጢቱን ባይጨምር ይሻለዋል።

በውሃ የሟሟውን አሞኒያ ጨርቅ አይዘውም፤ እርሱ የባክቴሪያዎቹ ሥራ ነው። ደግሞም ኮራል የሚመገባቸው ደቃቅ ፍጥረታት ከጉድፉ ጋር አብረው ይያዛሉ። ስለዚህ ለኮራሎቹ ምግብ በምትሰጡበት ሰዓት ከረጢቱን ለጥቂት ጊዜ ማውጣት መልካም ነው።

በሰፊው ባሕር የሚኖር ዓሣ ውሃው ቢከፋበት ወደ ሌላ ስፍራ ይሄዳል። በመስተዋት የተከለለው ግን መሸሻ የለውምና ሕይወቱ በጠባቂው ትጋት ላይ የተመሠረተ ነው።