የልጅነት ልምሻ ቅኝትና የነርቭ ሕዋስ ሕክምና ምርምርን አስመልክቶ በመተማ ዮሐንስ በተዘጋጀ ዐውደ ጥናት ላይ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር









ባልደረቦቼ ያዘጋጁልኝ ጽሑፍ ስለ ስቴም ሴል፣ ማለትም ወደ ሌላ ዓይነት ሕዋስ ሊለወጥ ስለሚችል ሕዋስ፣ ብዙ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2008 ኤ ኤል ኤስ የተባለው ነርቭ ገዳይ በሽታ ከያዛት የ82 ዓመት ሕመምተኛ ቆዳ የተወሰደ ሕዋስ፣ ላቦራቶሪ ውስጥ መጀመሪያ ወደ ስቴም ሴል፣ ቀጥሎም ጡንቻን ወደሚያዝ የነርቭ ሕዋስ ተለውጧል። ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም የሞተውን ነርቭ ተክቶ ሕመምተኛን ያስነሣ የተረጋገጠ ሕክምና እስካሁን የለም። ይህን ጠበቅ አድርጌ የምናገረው፣ ቤቱን ሸጦ ልጁን ውጭ ለማሳከም የሚያስብ ወላጅ ስለማይጠፋ ነው። ዝርዝሩን ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ የመጡት መምህራን ያስረዱናል፤ እኔ ወደማውቀው ልግባ።

በእኛ አካባቢ ጡንቻን የሚያዙትን የነርቭ ሕዋሳት የሚገድለው የልጅነት ልምሻ (ፖሊዮ) ነው። ቫይረሱ ከአንጀት ተነሥቶ አከርካሪ ውስጥ ይገባና እግርን የሚያዙትን ነርቮች ያጠፋል። ነሐሴ 2012 ዓ.ም. አፍሪካ ከተፈጥሯዊው የፖሊዮ ቫይረስ ነፃ መሆኗ ተበሠረ። በዚያው ወር ሱዳን ከክትባት የመነጨው ዓይነት 2 የፖሊዮ ቫይረስ መገኘቱን አስታወቀች። መጀመሪያ ከተገኙት ሁለት ልጆች አንዱ ከደቡብ ዳርፉር፣ ሌላው ከዚሁ ከገዳሪፍ ነበር። ልጆቹ ሽባ የሆኑት በማርችና በኤፕሪል ነው። ልብ በሉ፣ ወሬው የተሰማው ግን በኦገስት፣ ማለትም በዚያው በነሐሴ ነው።

ገዳሪፍ ለእኛ ጎረቤት ናት። ለሰሊጥ አጨዳ የሚመላለሰው ሠራተኛም ሆነ፣ ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ወዲህ ከድንበሩ ማዶ ባለችው በገላባት በኩል የገባው ቤተሰብ፣ ቫይረሱ ቢኖርበት ኬላው ላይ አይታይም።

እንግዲህ ቫይረሱ ስለሚታወቅበት ናሙና ልናገር። በየስብሰባው «ናሙና ዘገየ» ሲባል ዓይን ሁሉ ወደ እኛ ወደ ጤና ሠራተኞቹ ይዞራል። እግሩ በድንገት ከተልፈሰፈሰ ልጅ በ14 ቀን ውስጥ፣ በ24 ሰዓት ልዩነት፣ ሁለት የሰገራ ናሙና ይወሰዳል፤ በበረዶ ታሽጎም በሦስት ቀን ውስጥ ላቦራቶሪ መድረስ አለበት። ላቦራቶሪው ያለው አዲስ አበባ ነው። እናት መጀመሪያ ወጌሻ ጋ፣ ቀጥላ ፀበል ትሄዳለች፤ እኛ ጋ ስትመጣ ቀኑ ነጉዷል። ሣጥኑ አውቶቡስ ላይ ሊጫን ሲል መንገድ ተዘጋ ይባላል። የሚያዝያ ፀሐይ ደግሞ በረዶውን በጎንደር መንገድ ላይ ካለችው ሸኸዲ ገና ሳይደርስ ያቀልጠዋል። ባለሙያችን ሣጥኑን ጭኑ ላይ አድርጎ ጎንደር ያደረሰበት ጊዜ አለ፤ ይህን ግን ሪፖርት ላይ የጻፈልን የለም።

ከዚህ መድረክ የምንጠብቀው ቅንጅታዊ አሠራር እንዲጠናከር፣ ግንዛቤ እንዲዳብርና የጋራ አቅጣጫ እንዲቀመጥ ነው። አንድ ፍሪጅ ቢጨመርበትም አንጠላም።

ዐውደ ጥናቱ በይፋ መከፈቱን እገልጻለሁ።