ብቻነትና ብዕር
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ደራስያን በተሰበሰቡበት ስፍራ ሁሉ አንድ የማያረጅ ምኞት ይነገራል። ከከተማው ግርግር፣ ከቢሮው መዝገብ፣ ከለቅሶና ከሠርግ ርቆ፣ ሐይቅ በሚታይበት ወይም ወንዝ በሚሰማበት ጸጥ ያለ ስፍራ ጥቂት ወራት ለብቻ መቀመጥ ቢቻል፣ ለዓመታት ሲንከባለል የኖረው ድርሰት ይፈጸም ነበር የሚል ምኞት ነው። ምኞቱ የሚናቅ አይደለም። ይሁንና ብዙ ጊዜ ሳይመረመር ይቀርና ላለመጻፍ ሰበብ ይሆናል። ስለዚህ ምኞቱን በሥራ ፈጽሞ፣ መጽሐፉንም ጨርሶ፣ ዋጋውንም ከፍሎ ያለፈውን የአንድ ደራሲ ታሪክ መመልከት ይጠቅማል። ይኸውም የልደት ስሙ ኤሪክ ብሌር፣ የብዕር ስሙ ጆርጅ ኦርዌል የሆነው እንግሊዛዊ ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ወራትና ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በኢትዮጵያ ሰው ብቻውን ወደ ዱር ሲሄድ ስሙ ምናኔ ነው። መናኙ ዓለምን ጥሎ የሚሄድ እንጂ ረቂቅ ይዞ ለመመለስ የሚሄድ አይደለም። ደራሲ ግን ቁጭ ብሎ የሚጽፈው ያንኑ ጥሎት የሄደውን ዓለም ነው። በሐተታ ዘርዐ ያዕቆብ የሚተረከው ፈላስፋ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ሸሽቶ በተከዜ አካባቢ በአንድ ዋሻ ሁለት ዓመት ያህል ተቀምጧል። የመጽሐፉ ደራሲ ማን እንደሆነ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ክርክሩ ለጊዜው ይቆይና፣ ትረካው ራሱ የሚለውን ልብ ማለት ይገባል። ሰውየው በዋሻው ያሰበውን በዋሻው አልጻፈውም። የጻፈው ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በእንፍራንዝ ከሰው መካከል ተቀምጦ፣ ደቀ መዝሙሩ ወልደ ሕይወት ስለ ለመነው ነው። የማሰቢያውና የመጻፊያው ስፍራ የግድ አንድ አይደለም ማለት ነው።

ኦርዌል የገጠር ኑሮን የመረጠው በደኅና ጊዜ አልነበረም። ባለቤቱ አይሊን በማርች 1945 ሞታ፣ በጉዲፈቻ የወሰዱት ሕፃን ልጅ በእጁ ቀርቶ ነበር። በዚያው ዓመት በኦገስት «አኒማል ፋርም» ታትሞ ስሙ ሲገን፣ ዝናው ዕረፍት ሳይሆን የጋዜጣ ሥራ አበዛበት። ጋዜጠኛው ዴቪድ አስተር የነገረው ጁራ የሚባል ደሴት በስኮትላንድ ምዕራባዊ ዳርቻ ይገኛል። ከሰው ይልቅ አጋዘን የሚበዛበት ምድር ነው። ኦርዌል በሜይ 1946 የገባበት ባርንሂል የተባለው ቤት በደሴቱ ሰሜናዊ ጫፍ ለብቻው የቆመ ሲሆን፣ ከዋናው መንደር ከክሬግሃውስ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። የመንገዱም መጨረሻ መኪና የሚሰብር ኮረኮንች ነበር። ኤሌክትሪክ የለም፤ ስልክ የለም፤ መብራቱ የላምባ ፋኖስ ነው።

እንግዲህ ምኞቱ ተፈጸመ። በመጀመሪያው በጋ ምን ያህል ጻፈ? በሴፕቴምበር መጨረሻ ገደማ ከጻፈው ልብ ወለድ የነበረው 50 ገጽ ያህል ብቻ ነበር። የቀረውን ጊዜ መሬት ቆፈረ፤ አትክልት ተከለ፤ ዓሣ አጠመደ፤ ጥንቸል አደነ። የዕለት ማስታወሻውን የመጽሐፉን ምሥጢር አገኛለሁ ብሎ የሚገልጥ አንባቢ የሚያገኘው የአየሩን ጠባይና ዶሮዎቹ የጣሉትን የዕንቁላል ብዛት ነው! ይህን እንደ ስንፍና የሚቆጥር ይሳሳታል። ለዓመታት በየሳምንቱ ለጋዜጣ ሲጽፍ የኖረ ሰው፣ ብዕሩን አስቀምጦ አካፋ ካላነሣ በስተቀር ረጅም ድርሰት የሚሸከም ትንፋሽ አያገኝም። ደግሞም የደሴት ኑሮ ራሱ ሥራ ነው፤ ውሃው፣ ማገዶው፣ ላምባው በየዕለቱ እጅ ይፈልጋሉ።

የማን እጅ? ስለ ኦርዌል ሲነገር «ብቻውን በደሴት ተቀምጦ ጻፈ» ማለት የተለመደ ነው። አቭሪል የምትባል እኅቱ ግን በዚያ ቤት ነበረች። ምግቡን የምታበስለው፣ ቤቱን የምትይዘው፣ ሕፃኑን የምትጠብቀው እርስዋ ናት። ኦርዌል ፎቅ ላይ በሩን ዘግቶ፣ በላምባ ምድጃ ጢስና በማያቋርጠው የትምባሆው ጢስ መካከል የጽሕፈት መኪናውን ሲመታ፣ ከታች ሌላ ሰው ድስት እየጣደ ነበር። የድርሰት ታሪክ እንዲህ ያሉትን ሰዎች በአንድ መስመር ማለፍ ይወዳል። አንድ ደራሲ «ብቻዬን ሆኜ» ሲል፣ ብቻነቱን ማን እንደ ጠበቀለት መጠየቅ ነውር አይሆንም።

በኦገስት 1947 ኦርዌል ልጁንና የእኅቱን ልጆች በትንሽ ጀልባ ጭኖ ሲመለስ፣ ኮሪቭሬካን በተባለው ኃይለኛ የባሕር አዙሪት አጠገብ የጀልባይቱ ሞተር ተነቅሎ ጠፋ። ቀዝፈው ወደ አንዲት ዐለታማ ደሴት ሲጠጉ ጀልባይቱ ተገለበጠች፤ ሁሉም ተርፈው፣ ከሰዓታት በኋላ ዓሣ አጥማጆች አነሡአቸው። ረቂቁ ቤት ነበር፤ ደራሲው ግን ባሕር ሊበላው ምንም አልቀረውም ነበር።

የመጀመሪያው ረቂቅ በዚያው ዓመት በልግ ሲያልቅ ሰውነቱም አብሮ አለቀ። በሳንባ ነቀርሳ ታሞ በዲሴምበር ወደ ግላስጎው አቅራቢያ ወደሚገኝ ሆስፒታል ተወሰደ። ስትሬፕቶማይሲን የተባለው ያን ጊዜ አዲስ የነበረው መድኃኒት በልዩ ፈቃድ ከአሜሪካ መጣለት። ነገር ግን ቆዳውን አቆሰለው፤ ጥፍሩንና ጸጉሩን ጐዳው፤ ሕክምናውም ተቋረጠ። በጁላይ 1948 እንዲያርፍ ተመክሮ ወደ ጁራ ተመለሰ። ያረፈ ግን አልነበረም።

እዚህ ላይ የገለልተኛው ስፍራ ጉድለት ገሃድ ወጣ። በኖቬምበር የታረመው ረቂቅ በስርዝና በድልዝ የተሞላ በመሆኑ ከእርሱ በቀር የሚያነበው አልነበረም። አጠገቡ ተቀምጦ የሚገለብጥ ታይፒስት ያስፈልግ ነበር። ከለንደን እንዲላክለት ጠየቀ፤ አሳታሚውም አፈላለገ፤ ነገር ግን ክረምት በመጣበት ወራት ወደዚያ የዓለም ጫፍ የሚሄድ አልተገኘም። ስለዚህ ትኩሳት የያዘው ሰው፣ አብዛኛውን ጊዜ አልጋው ላይ ሆኖ፣ መላውን መጽሐፍ ራሱ መልሶ መታው፤ በዲሴምበር 1948 መጀመሪያም ጨረሰ። ለማሰብና ለመጀመሪያው ረቂቅ ያ ጸጥታ ወደር አልነበረውም። ለመገልበጥ ሥራ ግን አንዲት ጠባብ የከተማ ክፍልና አንድ ታይፒስት ከዚያ ሁሉ ተራራና ባሕር ይበልጡ ነበር። መጽሐፉ በለንደን ቢጻፍ ኖሮ ደራሲው ረጅም ዕድሜ ይኖር ነበር ብሎ መደምደም አይቻልም፤ በሽታው የቆየ ነበርና። ያ የመጨረሻ ወር ግን ማንም ሊያግዘው ይችል የነበረ ሥራ ነበር።

ኦርዌል በጃንዋሪ 1949 ከጁራ ወጥቶ በእንግሊዝ አገር ወደሚገኝ የሳንባ ሕሙማን ማረፊያ ገባ። «ናይንቲን ኤይቲ ፎር» በጁን 8 ቀን 1949 ታተመ። ደራሲው በጃንዋሪ 21 ቀን 1950 በ46 ዓመቱ ለንደን ውስጥ ሞተ፤ ወደ ደሴቱ አልተመለሰም። በ1947 መጀመሪያ ላይ፣ በክረምቱ መካከል ከለንደን ድረስ ተጉዞ በባርንሂል ግቢ የፍሬ ዛፎች ተክሎ ነበር።