«ምን ነካው?» ብሎ የማይጠይቅ አለቃ

በደቦ አጨዳ ላይ አንድ ጎረቤት ቢቀር ምን እናደርጋለን? «ምን ነካው?» እንላለን። ልጅ ልከን እናስጠይቃለን። ታሞ ከሆነ ማሳውን እናጭድለታለን። ሰንፎ ከሆነ እንታዘበዋለን። ሁለቱን የምንለየው በመጠየቅ ነው።

ዛሬ የምነግራችሁ ስለማይጠይቅ አለቃ ነው። ይህ አለቃ ሰው አይደለም። አልጎሪዝም ይባላል። አልጎሪዝም ማለት በኮምፒዩተር ውስጥ የተጻፈ የስሌት ደንብ ነው። ደንቡን የሚያወጡት ሰዎች ናቸው። ሥራውን የሚያድለውና ሠራተኛውን የሚቆጣጠረው ግን ኮምፒዩተሩ ነው። ትእዛዙም በእጅ ስልክ ይመጣል።

ምሳሌ እንይ። በኢጣሊያ አገር ዴሊቨሩ የሚባል ኩባንያ ነበረ፤ ምግብ ወደየቤቱ የሚያደርሱለትን ሠራተኞች በነጥብ ያበላልጥ ነበር። የሥራ ሰዓት የሚታደለው ሰኞ ሰኞ ነው። ነጥቡ ከፍ ያለው ከጧቱ በ5 ሰዓት ይመርጣል። ሁለተኛው በ9 ሰዓት፣ የመጨረሻው በ11 ሰዓት ይመርጣል። እስከዚያ ደህና ደህናው ሰዓት ተወስዷል። የያዘውን ሰዓት አስቀድሞ ሳይሰርዝ የቀረ ሰው ነጥቡ ይቀነስበታል። ታሞ ይቅር፣ ሰንፎ ይቅር፣ ለኮምፒዩተሩ አንድ ነው።

እንግዲህ ትኩሳት የያዘው ሠራተኛ ምን ያድርግ? ቢተኛ እንጀራው ይጎድላል። ቢወጣ ጤናው ይጎዳል። ላስረዳ ቢል ሰሚ የለም። እንዲህ ሲሆን ከሥራው ይልቅ ሥጋቱ ሰውን ያደክማል።

የሠራተኛ ማኅበራት ግን ዝም አላሉም። ኩባንያውን ከሰሱ። ታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. የቦሎኛ ከተማ ፍርድ ቤት ፈረደላቸው። የታመመውንና ያለ ምክንያት የቀረውን ሳይለዩ መቅጣት አድልዎ ነው አለ። ኩባንያው ለማኅበራቱ 50,000 ዩሮ ካሣ እንዲከፍልም አዘዘ።

በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት ሕግ አወጣ። ሕጉ እንዲህ ያለውን ሠራተኛ የማገዱንም ሆነ የማሰናበቱን ውሳኔ ሰው እንዲሰጥ ያዛል። ምክንያቱም ለሠራተኛው ይነገረው ይላል። አባል አገሮች ይህን በሥራ እንዲያውሉ የተሰጣቸው ጊዜ እስከ ኅዳር 2019 ዓ.ም. ነው።

ወገኖቼ፣ በአዲስ አበባም በእጅ ስልክ ታክሲ መጥራት ተለምዷል። ነገ ልጆቻችሁ እንዲህ ያለ ሥራ ይይዙ ይሆናል። ከመፈረማቸው በፊት ውሉን አብራችሁ አንብቡ። «ቢታመም የሚነግረው ለማን ነው? ቢበደል የሚሰማው ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ፊደል የቆጠርነው ለዚህም ነው።