ደጅ የቀረው መልእክተኛ



በታሪክ ትምህርት ከሁሉ ይልቅ ያከራከረን የፊሊፒን ደሴቶች ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1898 አሜሪካ ከእስፓንያ ጋር ስትዋጋ የፊሊፒኑን አርበኛ አጊናልዶን ከስደት በመርከቧ መለሰችው፤ እርሱም ወገኖቹን አስከትቶ እስፓንያን ወጋ፤ ጁን 12 ቀንም የአገሩን ነጻነት አወጀ። በዲሴምበር ግን አሜሪካ ፓሪስ ላይ በተፈረመ ውል ደሴቶቹን በ20 ሚሊዮን ዶላር ተረከበች። የፊሊፒኖች መልእክተኛ ፌሊፔ አጎንሲሎ እስከዚያው ድረስ ሄዶ ነበር፤ ጉባኤው ግን አላስገባውም። ባለቤቱ ደጅ ቆሞ ርስቱ ተሸጠ!

አንዳንዶቻችን «አሜሪካ ባትይዘው ሌላ ኃያል መንግሥት ይይዘው ነበር» አልን፤ ያን ጊዜም ብዙ አሜሪካኖች እንዲሁ ይሉ ነበር። ይሁን እንጂ ባለርስቱን መጠየቅ ምን ይከብድ ኖሯል? ፌብሩዋሪ 4 ቀን 1899 ጦርነት ተነሣ። ከሁለት ቀን በኋላ የአሜሪካ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ውሉን 57 ለ27 አጸደቀው፤ ከሚያስፈልገው የበለጠው አንድ ድምፅ ብቻ ነበር። ፊሊፒን ነጻ የወጣችው በ1946 ነው።